የበርሜሉን ውሃ የደበቀው የእኔ ኮድ

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ እዚህ ፍራንክፈርት ገና ጎህ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ። ታላቅ ወንድሜ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለ የአፈር ቆረጣ ሥራ ላይ ሆኖ ነው የደወለው። ከጀርባው የእስካቫተሩ ሞተር ይሰማኛል፤ ይነሳል፣ ይታፈናል፣ እንደገና ይነሳል።

«ይሄ ያንተ ዕቃ ‹ምንም ብልሽት የለም› ይለኛል» አለኝ። «ማሽኑ ደግሞ ዳገት እንደ ወጣ ሽማግሌ ያለከልካል። ማንን ልመን?»

«ጋሼ፣ እስቲ ነቅለህ መልሰህ ሰካው» አልኩት። የሶፍትዌር ሰው የመጀመሪያ መድኃኒት መቼም ይኸው ነው።

ነቅሎ ሰካው። ያው አረንጓዴ ምልክት፣ ያው በአማርኛ የተጻፈ መልስ፦ «ምንም ብልሽት የለም»። ያንን መልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ደግሞ ይኸው አፕ «ፖምፓው ይታይ» ብሎ ወንድሜን አዲስ ፖምፓ አስገዝቶታል። ሁለቱም መልሶች ስህተት ነበሩ። እንዴት እንደተሳሳትኩ የምጽፍላችሁ ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ዕቃ ለመሥራት እንደምትፈልጉ ስለምትነግሩኝ ነው።

ዕቃው ለምን ተሠራ

እስካቫተሩን የገዛነው በቤተሰብ ነው። ወንድሜ አይሱዙውን ሸጠ፣ ሪያድ ያለችው እህታችን ከቁጠባዋ አዋጣች፣ እኔም ከዚህ የቻልኩትን ጨመርኩ። ያገለገለ ማሽን ነው፤ ከደቡብ ኮሪያ የመጣ። ሞተሩም ሰንሰለቱም ደህና ነበሩ። ችግሩ ኦፕሬተሩ ፊት ያለው ስክሪን የሚናገረው ኮሪያኛ ብቻ መሆኑ ነው። ቋንቋ መቀየሪያውን ፈልገን አጣነው። ቢጫ መብራት ሲበራ ኦፕሬተሩ የሚያውቀው «ቢጫ በራ» የሚለውን ብቻ ነው። መብራቱ በየጊዜው ስለሚበራ ደግሞ ቆይቶ ማንም ልብ የማይለው ሆነ።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ዕቃ ሠራሁ። ኢኤስፒ32 ቺፕ፣ ከማሽኑ የካን መስመር ጋር የሚያገናኘው ትራንስሲቨር፣ 24 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርድ ሰርኪት፣ በብሉቱዝ የሚቀበል የአንድሮይድ አፕ፤ ሌላ ነገር የለውም። ዕቃው ያዳምጣል እንጂ አይናገርም። የካን መቆጣጠሪያውን ያስነሳሁት ማዳመጥ ብቻ በሚፈቅደው ሁነታ ነው። ሃያ ቶን በሚመዝን ማሽን መስመር ላይ የራስን መልእክት መልቀቅ ቀልድ አይደለም፤ የምትሠሩ ካላችሁ ይህቺን ነገር አትዝለሏት።

ከባድ ማሽኖችና የጭነት መኪኖች ውስጥ የሞተሩ ኮምፒውተር ከሌላው ክፍል ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ በአብዛኛው ጄ1939 ይባላል። የእኛ ማሽን ላይ በሴኮንድ 250 ኪሎቢት ይሄዳል። እያንዳንዱ መልእክት 29 ቢት መለያና እስከ 8 ባይት የሚደርስ መረጃ አለው። ብልሽት ሲኖር የሞተሩ ኮምፒውተር ዲኤም1 የተባለውን መልእክት፣ በቁጥሩ 65226ን፣ በየሴኮንዱ ይለቃል። የመጀመሪያዎቹ 2 ባይቶች የማስጠንቀቂያ መብራቶቹን ሁኔታ ይይዛሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ብልሽት 4 ባይት ይወስዳል። ከነዚህ ውስጥ 19ኙ ቢት «የቱ ነገር?» ለሚለው መልስ ነው፤ ኤስፒኤን ይባላል። 5ቱ ቢት «ምን ሆነ?» ለሚለው ነው፤ ኤፍኤምአይ ይባላል። 7ቱ ቢት ብልሽቱ ስንት ጊዜ እንደተከሰተ ይቆጥራል።

ለምሳሌ አራቱ ባይቶች በአሥርዮሽ ሲጻፉ 157፣ 0፣ 18፣ 3 ከሆኑ፣ ኤስፒኤን 157 ነው፣ ኤፍኤምአይ 18፣ ሦስት ጊዜ ተከስቷል። 157 ማለት የሬይሉ የናፍጣ ግፊት ነው፤ ሬይል የምንለው ፖምፓው በከፍተኛ ግፊት የሚሞላው፣ ኢንጀክተሮቹ ሁሉ የሚጠጡበት የጋራ ቧንቧ ነው። 18 ደግሞ «መረጃው የሚታመን ነው፣ ነገር ግን ከመደበኛው በታች ነው፣ ክብደቱ መካከለኛ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ጥፋቴ። ይህን ረጅም ነገር ለኦፕሬተር በአማርኛ እንዴት ልበለው? በፀሐይ ላይ፣ አቧራ በያዘው ስልክ፣ በጓንት እጅ የሚነበብ ነው። ቃል በቃል ሳስቀምጠው የፍርድ ቤት ውሳኔ መሰለብኝ። አሳጠርኩት፦ «የናፍጣ ግፊት ወርዷል። ፖምፓው ይታይ።» በጣም ኮርቼበት ነበር። አጭር፣ ግልጽ፣ ምን እንደሚደረግ የሚናገር። ግን ኮምፒውተሩ ስለ ፖምፓ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያለው «ግፊቱ ወርዷል» ብቻ ነው። ፖምፓውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ግፊት የሚወርደው ፊልትሮ ስለተዘጋም፣ ኢንጀክተር ስለሚያፈስም፣ የመምጠጫው ቱቦ አየር ስለሚስብም፣ የግፊቱ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ስለደከመም ነው። ፖምፓ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ነው፤ ያውም ውዱ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ማሽኑ ጉልበት ሲያንሰው ወንድሜ ስልኩን አገናኘ፣ ያንን ጽሑፍ አነበበ፣ አመነ። ለምን አያምን? ወንድሙ ነው የጻፈው። ፖምፓው ከአዲስ አበባ ተገዝቶ መጣ። ዋጋው የቤት ኪራይ ከከፈልኩ በኋላ የሚተርፈኝን የሁለት ወር ገንዘብ ዋጠ። መካኒኩ ፖምፓውን ሲቀይር ፊልትሮዎቹንም አብሮ ቀየረ። ማሽኑ ዘጠኝ ቀን እንደ አዲስ ሠራ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ያቺ ስልክ ተደወለች።

ዝምታ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም

ደግነቱ ዕቃው የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ ሳይተረጉም እንዳለ ወደ ፋይል ይጽፋል። ወንድሜ የዚያን ጠዋት ፋይል በቴሌግራም ላከልኝ። ማታ ከሥራ ስመለስ ላፕቶፔ ላይ መልሼ አጫወትኩት።

መጀመሪያ ያስገረመኝ ያጣሁት ነገር ነው። ይህ ማሽን ጤነኛ በሆነበት ቀንም ዲኤም1ን በየሴኮንዱ ይልካል፤ የብልሽቱ ቦታ ላይ ዜሮ እየጻፈ። የዚያን ጠዋት ፋይል ውስጥ ግን ለአርባ ደቂቃ ያህል አንድም 65226 የለም። የእኔ ኮድ ደግሞ እንዲህ ይል ነበር፦ ዲኤም1 ከመጣና ብልሽት ካለበት አሳይ፤ አለበለዚያ «ምንም ብልሽት የለም» በል። «አለበለዚያ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደብቀዋል። አንዱ «ጠየቅኩ፣ የለም ተባልኩ» ነው። ሌላው «ማንም አላናገረኝም» ነው። እኔ ሁለቱንም አረንጓዴ ቀባኋቸው።

ታዲያ መልእክቱ የት ሄደ? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ብልሽት ሲኖር 2 የመብራት ባይት ሲደመር 4፣ 6 ባይት ነው፤ በአንድ መልእክት ይገባል። ሁለት ብልሽት ሲኖር ግን 2 ሲደመር 8፣ 10 ባይት ይሆናል። በአንድ መልእክት ከ8 ባይት በላይ አይሄድም። ስለዚህ የሞተሩ ኮምፒውተር ዲኤም1ን ይቆራርጠዋል። መጀመሪያ በ60416 ቁጥር ማስታወቂያ ይለቃል፤ የመጀመሪያው ባይት 32 ይሆናል፣ ቀጥሎ ጠቅላላ ርዝመቱና የቁራጮቹ ብዛት ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ «የምልከው 65226ን ነው» የሚለው በሦስት ባይት ይጻፋል፤ 202፣ 254፣ 0። ከዚያ ቁራጮቹ በ60160 ይከተላሉ፣ እያንዳንዱ አንድ ተራ ቁጥርና 7 ባይት መረጃ ይዞ። ለሁሉም የሚለቀቅ ስለሆነ መልስ አይጠብቅም፤ ማዳመጥ ብቻ በሚችል ዕቃም ይሰበሰባል።

የእኔ ኮድ 65226ን ብቻ ነበር የሚያዳምጠው። ይህ ማለት አንድ ብልሽት ሲኖር ይናገራል፣ ሁለት ሲሆኑ ጸጥ ይላል፣ ጸጥታውንም ጤና ብሎ ይተረጉመዋል። ማሽኑ በታመመ ቁጥር የእኔ አፕ «ድኗል» ይል ነበር። ቤቴ ውስጥ የሞከርኩት በአንድ ብልሽት ብቻ ስለነበር በሙከራ አልታየኝም።

ቁራጮቹን ገጣጠምኩ። ሁለተኛው ብልሽት የምናውቀው 157 ነው። አንደኛው 97፣ 0፣ 15፣ 6 ይላል። ኤስፒኤን 97 ምን እንደሆነ ሰንጠረዡ ላይ ስፈልግ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ወረደ፦ በናፍጣ ውስጥ ያለ ውሃ ጠቋሚ። ስድስት ጊዜ።

ታዲያ ሰኔ ላይ ለምን 157ን ብቻ አየን? ረዳቱን ስጠይቀው ነው የገባኝ። ማሽኑ ጉልበት ሲያንሰው በልምድ መጀመሪያ የሚያደርገው የውሃ መለያዋን ኩባያ መክፈት ነው። ሥሯ ያለችውን ብሎን ያላላል፣ የሚወጣውን መሬት ላይ ያፈሳል፣ መልሶ ያጠብቃል። ልምዱ ጥሩ ነው። ግን ውሃው ሲወጣ 97 ይጠፋል፣ 157 ብቻውን ይቀራል፣ አንድ ብልሽት ብቻ ስለሆነ የእኔ አፕ ይሰማል። ማስረጃውን አፈር ጠጣው፣ እኔ ደግሞ የቀረውን ይዤ ፖምፓውን ከሰስኩ።

ጠርሙስ ላኩልኝ

በማግስቱ መካኒኩን በስልክ አገኘሁት። ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፤ በናፍጣ ሞተር ላይ የቆየበት ዘመን ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ስለ 60416 ላስረዳው ስጀምር አቋረጠኝ።

«ልጄ፣ ሐኪም ደም ሳያይ መድኃኒት ያዛል እንዴ? እናንተ ሁላችሁም ናፍጣውን አላያችሁትም። ጠርሙስ አምጡና አሳዩኝ።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። ንጹሕ፣ የደረቀ፣ ነጭ የመስታወት ጠርሙስ ያስፈልጋል። ናፍጣው ከማሽኑ ታንክ ሥር ካለው መክፈቻ ይቀዳል፣ አዙሪት እስኪሠራ ይወዘወዛል፣ ከዚያ ከብርሃን ፊት ይያዛል። ጥሩ ናፍጣ ጥርት ያለና የሚያበራ ነው፤ ከኋላው የተያዘ ጽሑፍ ይነበባል። ውሃ በውስጡ የተበተነበት እንደ ጉም ይደበዝዛል። ነጻ ውሃ ካለበት ደግሞ ጥቂት ሲቆይ ከሥር ለብቻው ይተኛል፤ ናፍጣ በሊትር ወደ 840 ግራም ስለሚመዝን ከውሃ በላይ ይንሳፈፋል። በሁለቱ መካከል ቡናማ ወይም ጥቁር ዝልግልግ ነገር ከታየ ነገሩ ቆይቷል ማለት ነው።

የእኛ ጠርሙስ ሦስቱንም አሳየን።

ያ ዝልግልግ ነገር ሕይወት አለው። ባክቴሪያና ሻጋታ ናፍጣ ይበላሉ፣ ግን ለመኖር ውሃ ስለሚሹ ውሃውና ናፍጣው የሚገናኙበት መስመር ላይ ይሰፍራሉ። ከነዚህ ውስጥ ስመ ጥሩው ሆርሞኮኒስ ሬዚኔ የሚባል ሻጋታ ነው፤ በአውሮፕላን ነዳጅ ታንኮችም ውስጥ ሰውን ያስቸገረ። ሲሞትም ሲኖርም ፊልትሮ ይዘጋል፣ የሚያወጣው አሲድ ብረት ይበላል። አዲሶቹ ፊልትሮዎች በዘጠኝ ቀን የታፈኑት ለዚህ ነበር።

ውሃው ራሱ የሚያደርሰውን ለመረዳት ቁጥሮቹን ማየት ይበቃል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት 2 ባር ተኩል ገደማ ነው። ዘመናዊ ኮመን ሬይል ሞተር ውስጥ ያለው ግን ሲጠነክር 2,000 ባር ይጠጋል፣ አንዳንዱም ያልፋል። ኢንጀክተሩ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ነው፤ የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። እነዚህን ብረቶች የሚያለሰልሳቸው ናፍጣው ራሱ ነው፣ ሌላ ዘይት የላቸውም። በናፍጣው ቦታ ውሃ ሲገባ ብረት ብረትን ይፍቃል፣ ዝገት ይጀምራል፣ ከአፍንጫው ጫፍ ሲደርስ ደግሞ በሙቀቱ በድንገት እንፋሎት ይሆንና ጫፉን ሊሰነጥቀው ይችላል። የቀድሞዎቹ የሜካኒካል ፖምፓ ሞተሮች ቆሻሻ ናፍጣ ጠጥተው የሚኖሩትን ያህል እነዚህ አይችሉም።

የአውሮፓው የናፍጣ ደረጃ ኢኤን 590 የሚፈቅደው ውሃ በኪሎ 200 ሚሊግራም ነው። በ200 ሊትር በርሜል ሲሰላ 34 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ግማሽ የቡና ሲኒ ያህል።

የማን ውሃ ነው?

ወንድሜ ጠርሙሱን ሲያይ ደሙ ፈላ። ናፍጣውን የሚገዛው በከተማው ካለ፣ ለዓመታት ከሚያውቀው ነጋዴ ነው። «ውሃ እየሸጠልኝ ነው» አለ። ኦፕሬተሩም መካኒኩም ተስማሙ። ሊከሱት አስበው ነበር። እኔም ከሩቅ ሆኜ ተናደድኩ፤ ሁለት ወር ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነዋ።

ግን አንድ ጊዜ «ፖምፓው ነው» ብዬ የፈረድኩ ሰው ስለሆንኩ ሁለተኛ ለመፍረድ አፈርኩ። «ጋሼ፣ ከመሄድህ በፊት ጠርሙሱን ከሦስት ቦታ ሙላልኝ» አልኩት። አንዱን ከነጋዴው ሲቀዳ፣ አንዱን ከበርሜሎቻችን ሥር፣ አንዱን ከማሽኑ ታንክ። እያጉረመረመ አደረገው።

የነጋዴው ጠርሙስ እንደ ሻይ ጥርት ያለ ነበር።

የእስካቫተር ሰንሰለት ማደያ ድረስ አይነዳም፤ ናፍጣው ነው ወደ ማሽኑ የሚሄደው። ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን ደግሞ በርሜል በፈቃድ ማስሞላት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሲገኝ ሰባት በርሜል ይሞላል፣ ሥራው ቦታ ይደረደራል፣ ለሳምንታት ይቆያል። በርሜሎቹ ቆመው ነበር የተደረደሩት። የበርሜል አናት ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሐሉ እንደ ሰሐን ጎድጎድ ያለ ነው። ክረምት ነው፣ ዝናቡ በየቀኑ ይወርዳል፣ አናቱ ላይ ኩሬ ይተኛል። ክዳኑ ደግሞ ኩሬው ውስጥ ነው።

ክዳኑ ከጠበቀ ውሃ እንዴት ይገባል? እኔም ይህን ጠየቅኩ። መልሱ በርሜል ይተነፍሳል የሚል ነው። ናፍጣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት በሺህ 0.83 ያህል ይሰፋል። ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ሲያገኘው ናፍጣው ሰፍቶ አየሩን በክዳኑ በኩል ይገፋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቷን የቀመሰ ያውቃታል። ሙሉ በርሜል በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 1.7 ሊትር ያህል ይጎድላል። ያ ጉድለት ይስባል። ላስቲኩ ባረጀ ክዳን ዙሪያ አየር ካለ አየር ይገባል፣ ውሃ ከተኛበት ውሃውን ይጠጣዋል። በየሌሊቱ ጥቂት፣ ለሳምንታት።

ከሰባቱ በርሜሎች አምስቱ ሥራቸው ውሃ ነበር። ከአንዱ ብቻ ሦስት ሊትር ገደማ ወጣ። ሁለቱ ደረቅ ነበሩ፤ እነሱ ከድንኳኑ ጥግ ሸራ ሥር የነበሩት ናቸው። ረዳቱም ሁልጊዜ የሚመጥጠው ቱቦውን እስከ በርሜሉ ወለል አውርዶ ነው፣ ጠብታ እንዳይቀር ብሎ።

ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ልከሰው ነበር እኮ» አለኝ።

ማጽዳቱ

የማሽኑ ታንክ ሙሉ በሙሉ ተቀዳ፣ በሥሩ መክፈቻ ዝቃጩ ወጣ፣ ውስጡ ታጠበ። ፊልትሮዎቹ እንደገና ተቀየሩ። ሻጋታውን የሚገድል የናፍጣ መድኃኒት ተጨመረ፤ ይህን ያደረጉት ዝቃጩን ካወጡ በኋላ ነው፣ አለበለዚያ የሞተው ሻጋታ ተሰብስቦ ፊልትሮውን ይዘጋዋል። ስድስቱ ኢንጀክተሮች ተነቅለው አዲስ አበባ በመፈተሻ ማሽን ላይ ታዩ፤ ሁለቱ ያፈሱ ነበር፣ ተጠገኑ። የድሮው ፖምፓም አብሮ ተፈተሸ። ጤነኛ ነው።

አንዳንድ ሰው «ውሃን ከናፍጣ ጋር የሚያዋሕድ መድኃኒት ጨምሩና ይቃጠል» ይላል። መካኒኩ እምቢ አለ፣ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ውሃውን ከናፍጣው ጋር ማዋሐድ ማለት የውሃ መለያዋን አታልሎ ወደ ኢንጀክተር መላክ ማለት ነው።

በበርሜሎቹ ውስጥ የቀረውን ናፍጣ ምን እናድርገው? መድፋት አንጀት ይበላል። አስቀምጦ ማስተኛት ይቻላል፣ ግን ስንት ጊዜ? እዚህ ላይ እኔም ለአንድ ጊዜ ጠቀምኩ። የስቶክስ ሕግ ትንሽ ጠብታ በፈሳሽ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚሰምጥ ይናገራል፤ ፍጥነቱ ከጠብታው ስፋት ካሬ ጋር ይሄዳል። በአሥር መስመር ፓይተን አሰላሁት፣ በርሜሉን 88 ሳንቲሜትር ቁመት ሰጥቼ። 100 ማይክሮን የሆነ የውሃ ጠብታ ከአናት እስከ ወለል በ40 ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። 10 ማይክሮን የሆነው ሦስት ቀን ያህል ይፈጅበታል። 5 ማይክሮኑ ወደ 12 ቀን። ናፍጣው ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር ከዚህም ይዘገያል። ለዚህ ነው «አንድ ሌሊት ይተኛ» የሚባለው ለትልቁ ጠብታ እንጂ ለጉሙ የማይበቃው። በርሜሎቹ ሳይነኩ አምስት ቀን ተኙ፣ የላይኛው ብቻ ውሃ በሚለይ ፊልትሮ ተቀዳ፣ በጠርሙስ ታየ። የታችኛው 10 ሳንቲሜትር ለብቻው ተሰበሰበ። አሁን በርሜሎቹ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ሁለቱም ክዳኖች ከናፍጣው መስመር በታች ሆነው፣ ላያቸው ላይ ቆርቆሮ አለ። የማሽኑ ታንክም የሚሞላው ማታ ሥራ ሲያልቅ ነው፤ ባዶ ታንክ ሌሊቱን እርጥብ አየር ይስባል።

አፑ ውስጥ የተቀየረው

ተቆራርጦ የሚመጣውን ዲኤም1 መገጣጠም የአንድ ማታ ሥራ ነበር። አረንጓዴው ምልክት አሁን የሚመጣው ማሽኑ በግልጽ «የለም» ሲል ብቻ ነው። ለሦስት ሴኮንድ ምንም ካልተሰማ ስክሪኑ ግራጫ ይሆንና «ከማሽኑ ምንም አልሰማሁም» ይላል። የጠፉ ብልሽቶችም ወዲያው አይሰረዙም፣ ከሰዓታቸው ጋር ለሰባት ቀን ይቆያሉ። ይህ ሰኔ ላይ ቢኖር ኖሮ ከ157 ጎን 97 ተቀምጦ ይታይ ነበር።

ከሁሉም ያስቸገረኝ አማርኛው ነው። 157 እና 18 አብረው ሲመጡ አሁን የሚወጣው እንዲህ ነው፦ «የሬይሉ ግፊት ወርዷል። ምክንያቱ ገና አልታወቀም። ዕቃ ሳትገዙ በፊት ከታንኩ ሥር በጠርሙስ ቅዱና እዩ።» ረዝሟል። ወንድሜ ግን «ይሄኛው ሰው ይመስላል» አለኝ።

የውሃ ጠቋሚውም ቢሆን ሁሉን አያይም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በኩባያዋ ሥር ሁለት የብረት ጫፎች አሉ፣ ናፍጣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ጨውና ቆሻሻ ያለበት ውሃ ያስተላልፋል። በናፍጣው ውስጥ እንደ ጉም የተበተነ ውሃ ግን ኩባያዋ ሥር ስለማይተኛ ሊያመልጠው ይችላል። አቧራን አያይም። ናፍጣ ከኬሮሲን ጋር ቢደባለቅ ከናካቴው አያውቅም፣ የትኛውም ፊልትሮም አይለየውም። ስለዚህ አፑ ላይ ለጠዋት አንድ ቁልፍ ጨመርኩ። ረዳቱ ኩባያዋን ከፍቶ የመጀመሪያውን ፈሳሽ መሬት ላይ ሳይሆን ጠርሙስ ውስጥ ይቀዳል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶው ከቀኑ ጋር ይቀመጣል። እኔ በሥራ ሰዓት ስልኬን ስከፍት የማያቸው የጠርሙስ ፎቶዎች ናቸው። ባለቤቴ ሽንት ምርመራ ነው ትላቸዋለች።

ተመላሽ የማይደረገው የድሮ ፖምፓ በካርቶን ተጠቅልሎ ከወንድሜ አልጋ ሥር አለ፤ መለዋወጫ ይሆነናል። ነጋዴው ስለ ክሱ አልሰማም። ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ሱቁ ሄዶ ቡና ጠጥተዋል፣ እግረ መንገዱንም አዲስ የክዳን ላስቲክ ለሰባቱም በርሜል ገዝቷል። ኮዱን በሚቀጥለው ሳምንት እለቀዋለሁ። በሴኮንድ 500 ኪሎቢት በሚሠሩት አዲስ ማሽኖች ላይ አልሞከርኩትም፤ የምትችሉ ካላችሁ የተቀዳ ፋይል ላኩልኝ፣ በተለይ ሁለትና ከዚያ በላይ ብልሽት ያለበትን።